አራት ባትሪዎችን የሚያፈራርቅ ሰርኪዩት ሠርቼ ቮልቴጁ ብዙም አልወረደም፤ ምክንያቱን እንመርምር

የባሕር ዛፍ ጥላ (ደብረ ብርሃን)፣ ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ሁለት ወራት ከሥራ መልስ ስለፋበት የቆየሁትን ሰርኪዩት ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እናቴ የምትኖረው መንዝ ውስጥ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰበት መንደር ነው። ቤቷን በሶላር ላበራላት ስዘጋጅ በፈጠራ ባለሙያው በኒኮላ ቴስላ ስም «የቴስላ ስዊች» ስለሚባለው የአራት ባትሪ አሠራር አነበብኩ። የሚባለው እውነት ከሆነ ፓኔሉ ትንሽ ቢሆንም ባትሪዎቹ እርስ በርስ እየተሞሉ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ ማለት ስለሆነ፣ እሷ ቤት ከመግጠሜ በፊት በራሴ እጅ ልሞክረው ወሰንኩ።

አሠራሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ከኮምፒውተር ዩፒኤስ የወጡ፣ ባለ 12 ቮልትና ባለ 7 አምፔር ሰዓት የሆኑ አራት ያገለገሉ ባትሪዎች አሉኝ። ሁለቱ በሲሪየስ ሲቀጠሉ 24 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ በፓራለል ተቀጥለው 12 ቮልት ላይ ይሆናሉ። አምፖሉ የሚገባው በሁለቱ ጥንዶች መካከል ነው፤ ስለዚህ ከ24 ቮልቱ ጥንድ ወደ 12 ቮልቱ ጥንድ የሚሄደው ከረንት በመንገዱ አምፖሉን እያበራ ተቀባዮቹን ቻርጅ ያደርጋል። በየ10 ሰከንዱ አንድ አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ቦርድ) አራት የመኪና ሪሌዮችን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ መቀያየሪያዎችን) ያዛል፤ ሰጪ የነበሩት ተቀባይ፣ ተቀባይ የነበሩት ሰጪ ይሆናሉ። ወደፊት ኤልኢዲ ስለምጠቀም አምፖሉን ከረንቱን ሁልጊዜ ባንድ አቅጣጫ በሚያሳልፍለት ባለ አራት ዳዮድ ብሪጅ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ባለ 10 ዋት የመኪና አምፖል አስገብቼ 6 ሰዓት ሙሉ አበራሁ። ስጀምር የባትሪዎቹ አማካይ ቮልቴጅ 12.74 ነበር፤ አጥፍቼ ወዲያውኑ ስለካው 12.61 ሆነ። 6 ሰዓት የበራ አምፖል ይህን ያህል ብቻ ቀነሰ ማለት ነው? አንድ ችግርም አለብኝ፤ 15 አምፔር ፊውዝ ሁለት ጊዜ ስለተቃጠለብኝ ለጊዜው በሽቦ ተክቼዋለሁ። የምታውቁ እንድትመክሩኝ እለምናለሁ።

ንፋስ ስልክ 7 (አዲስ አበባ)፣ ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 3፡48

ወንድሜ፣ በርታ። እኔም ይህን አሠራር ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ፤ በራሱ እጅ ሠርቶ ቁጥሩን ይዞ የመጣ ሰው ግን እዚህ ሲገጥመኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። በ6 ሰዓት ውስጥ 0.13 ቮልት ብቻ መውረዱ ቀላል ነገር አይደለም። የማፈራረቂያውን ጊዜ ከ10 ሰከንድ ወደ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያም ወደ ሰከንድ ክፍልፋይ ብታወርደው ውጤቱ የሚሻሻል ይመስለኛል፤ የሚነገረው ትርፍ ሁሉ የሚገኘው በመቀያየሪያዋ ቅጽበት ነውና።

ሊድ ማቅለጫ (ሐዋሳ)፣ ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 4፡15

ከሁሉ በፊት ያን ሽቦ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ፊውዙ የተቃጠለው በምክንያት ነው። ጥገና ቤት ስሠራ ሪሌዩ ተበይዶ፣ የገመዱ ፕላስቲክ ቀልጦ፣ የባትሪው ሆድ አብጦ የመጣ ዕቃ በእጄ ስለያዝኩ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው።

ባለ አምስት እግር ሪሌይ ብቻውን ሲሆን አንዱን ጫፍ ሳይለቅ ሌላውን አይነካም። እርስዎ ግን በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ሁለት ሪሌይ አለዎት። አንደኛው የሁለተኛውን ባትሪ ኔጌቲቭ ወደ አንደኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ሲያዞር፣ ሌላኛው ደግሞ ሁለቱን ፖዘቲቮች ማለያየት አለበት። ሳይለያዩ ከተዞረ የሁለተኛው ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቀጥታ ተገናኙ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ባትሪ እንኳ በዚያች ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል።

ሪሌዩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትራንዚስተር ለመጠበቅ በሪሌዩ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ላይ ዳዮድ አድርገው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ዳዮዱ ትራንዚስተሩን ያድናል፤ ነገር ግን በኮይሉ ውስጥ የቀረው ከረንት በዳዮዱ በኩል እየዞረ ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ሪሌዩ ሲለቅ ይዘገያል። የሚይዘው ሪሌይ ቀድሞ ከያዘና የሚለቀው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ከዘገየ፣ ፊውዝ የሚያቃጥለው ያች ልዩነት ናት። ስለዚህ አርዱዊኖው ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይዘዛቸው፤ መጀመሪያ የሚለቀውን ያስለቅቅ፣ 100 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቅ፣ ከዚያ የሚይዘውን ያስይዝ። አምፖሉ ለቅጽበት ብልጭ ቢልም ጉዳት የለውም። ፊውዙም አንድ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ለእግሩ ቀረብ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ከላይ የተሰጠውን ምክር በተመለከተም፣ ይህ ሳይስተካከል ፍጥነቱን ወደ አንድ ሰከንድ ማውረድ አደጋውን በደቂቃ ከስድስት ጊዜ ወደ ስድሳ ጊዜ ማብዛት ነው።

መለኪያ ያዥ (ባሕር ዳር)፣ ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

እንደምን አደራችሁ። ስለ ውጤቱ ከመናገሬ በፊት አራት ቁጥሮችን ልጠይቅ። አምፖሉ በርቶ ሳለ የሰጪው ጥንድ ቮልቴጅ ስንት ነው? የተቀባዩስ? በአምፖሉ ሁለት ጫፎች መካከል ስንት ይነበባል? በአምፖሉ የሚያልፈው ከረንትስ? በተጨማሪም ባትሪዎቹን ከሁሉም ነገር ነቅለው ቢያንስ 12 ሰዓት ካሳረፏቸው በኋላ እንደገና ይለኳቸው። በሊድ አሲድ ባትሪ ውስጥ ቻርጁ ገና ከፕሌቶቹ ገጽ ላይ ሳለ የሚነበበው ቮልቴጅ የውስጡን አይናገርም፤ ከእርስዎ ባትሪዎች ሁለቱ ሲያጠፉ ገና ቻርጅ ላይ ነበሩ።

የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2፡30

እህቴ ሊድ ማቅለጫ፣ ሽቦውን ያኔውኑ አውጥቻለሁ። ዳዮዱን በተመለከተ የገመቱት ትክክል ነው። ፕሮግራሙን በነገሩኝ መንገድ ቀይሬ ትናንት ሌሊት ሙሉ ሲሠራ አንድም ፊውዝ አልተቃጠለም። ከሪሌዮቹ አንዱን ከፍቼ አየሁት፤ የመገናኛው ነጥብ ጠቁሮ መሐሉ ተቦርቡሯል፣ ዙሪያው ላይ የቀለጠ ብረት እንደ ሰሊጥ ፍሬ ተንጠባጥቧል። ይህን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ይህ ዕቃ እናቴ ቤት የሳር ጣሪያ ሥር ሊቀመጥ ነበር።

መለኪያ ያዥ የጠየቁኝ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ሰጪው ጥንድ 24.6 ቮልት፣ ተቀባዩ 13.1 ቮልት፣ አምፖሉ ላይ 10.1 ቮልት፣ ከረንቱ 0.75 አምፔር ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ካበቃ በኋላ ነቅዬ አሳድሬያቸው ስለካ አማካዩ 12.48 ሆኗል። ማታ 12.61 የነበረው ጠዋት 12.48 መሆኑ አስገርሞኛል።

መለኪያ ያዥ፣ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4፡05

እናመሰግናለን፤ ቁጥሮቹ ንጹሕ ስለሆኑ ሒሳቡ ራሱን ይናገራል።

ሰጪው ጥንድ 24.6 ቮልት በ0.75 አምፔር ሲሰጥ 18.45 ዋት ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 13.1 ቮልት በ0.75 አምፔር፣ ማለትም 9.8 ዋት ገደማ፣ ወደ ተቀባዩ ጥንድ ይገባል። 10.1 ቮልት በ0.75 አምፔር፣ ማለትም 7.6 ዋት ገደማ፣ አምፖሉን ያበራል። የቀረው 1.05 ዋት በብሪጁ ሁለት ዳዮዶች ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ዳዮድ 0.7 ቮልት ስለሚወስድ ነው። ሦስቱን ደምሩ፣ 18.45 ይመጣል። ያልታወቀ ኃይል የገባበት ወይም የወጣበት ቀዳዳ የለም።

እንግዲህ የአምፖሉን ሁኔታ አስተውሉ። ባለ 10 ዋት ቢባልም የሚያገኘው 10.1 ቮልት ብቻ ስለሆነ የሚበላው 7.6 ዋት ነው፤ ደብዝዞ እየበራ ነበር ማለት ነው። ዓይን ይህን በቀላሉ አይለይም።

ቮልቴጁ ለምን ትንሽ ብቻ ወረደ ለሚለው ደግሞ አምፔር ሰዓት እንቁጠር። እያንዳንዱ ባትሪ በሰጪነት ተራው 0.75 አምፔር ያወጣል፤ በተቀባይነት ተራው፣ ሁለቱ በፓራለል ስለሚካፈሉት፣ 0.375 አምፔር ይቀበላል። ከተቀበለው መልሶ የሚሰጠው 90 በመቶ ያህሉን ነው ብንል፣ በአማካይ እያንዳንዱ ባትሪ በየሰዓቱ ወደ 0.2 አምፔር ሰዓት ይጎድልበታል። በ6 ሰዓት 1.2 አምፔር ሰዓት ማለት ሲሆን፣ ይህም ከ7ቱ 17 በመቶ ገደማ ነው። ሞልቶ ያረፈ ሊድ አሲድ ባትሪ ወደ 12.7 ቮልት፣ ሦስት አራተኛ የቀረው ወደ 12.4፣ ግማሽ የቀረው ወደ 12.2 ያነባል። ስለዚህ የእርስዎ 12.48 ባትሪዎቹ ባጎደሉት ልክ የተነበበ ቁጥር ነው። ሙከራው አጭር ነበር፤ አራት ባትሪ ደግሞ ለአንድ አምፖል ብዙ ነው።

አንድ ቀላል ማረጋገጫ ላቅርብ። ባትሪዎቹን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው በማፈራረቂያው 11.8 ቮልት እስኪደርሱ ያብሩ፤ አምፖሉ ላይ ዋት ሰዓት የሚቆጥር ሜትር ያስገቡ። ከዚያ እንደገና ሞልተው አራቱንም ያለ አንዳች ሪሌይ በፓራለል አገናኝተው ያንኑ አምፖል እስከ 11.8 ቮልት ያብሩ። ሁለቱን የዋት ሰዓት ቁጥሮች እናወዳድር።

ንፋስ ስልክ 7፣ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 7፡40

ሒሳቡን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መልቲሜትር የሚያሳየው አማካይ ነው። በመቀያየሪያዋ ቅጽበት የሚፈጠረውን ስል የሆነ የቮልቴጅ ጫፍ ተራ መሣሪያ አይይዘውም። በዚህ መንገድ የሞተ ባትሪ እንደገና ነፍስ እንደዘራ የሚመሰክሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አንድ ለሁለት ዓመት የተጣለ የሞተር ሳይክል ባትሪ በተደጋጋሚ ምት ቻርጅ አድርጌ መልሼ ተጠቅሜበታለሁ። ይህን እንዴት ታስረዱታላችሁ? መጽሐፍ ያላወቀውን ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይገባም።

የሰዓት ሠሪው ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፣ ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሌላው ሰው በላይ ዕድሜዬን ስላጠፋሁ ጥቂት ልበል።

ይህ አሠራር በቴስላ ስም ቢጠራም እኔ ባየኋቸው የቴስላ የፈጠራ መብት ሰነዶች ውስጥ አራት ባትሪ የሚያፈራርቅ አንድም የለም። በአሜሪካ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ስማቸው አብሮ የሚነሣው ሮናልድ ብራንትና እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈው ጆን ቤዲኒ ናቸው። እኔ ሥዕሉን ያገኘሁት በፎቶ ኮፒ ነው፤ እየተገለበጠ ከመደብዘዙ የተነሣ የዳዮዱ አቅጣጫ አይታይም ነበር። ሠራሁት፤ አልሆነም። ሽቦው ቀጠነ አልኩና በወፍራም ሠራሁት። ሪሌዩ ዘገየ አልኩና በትራንዚስተር፣ ከዚያም ሞስፌት በሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ሠራሁት። ባልሆነ ቁጥር ጥፋቱን የእኔ አድርጌ እቆጥር ነበር እንጂ ሐሳቡን ጠይቄ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሄደ። የባለቤቴ ወንድም መሐንዲስ ነበረና አንድ ቀን የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ባትሪዎቹን ሞልተህ ስትጀምርና ባዶ ሆነው ስትጨርስ፣ በመሐል አምፖሉ የበላውን ቆጥረህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የለካሁት ቮልቴጅ ብቻ ነበር።

የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ራሱን በራሱ እያንቀሳቀሰ ለዘለዓለም የሚሠራ መሣሪያ ሠራሁ የሚልን ማመልከቻ ላለመመልከት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ያኔ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ምኞት ስንት ቤተሰብ እንዳደኸየ ማየታቸው ነበር። እኔም ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምነውን ገንዘብ በባትሪ ስላጠፋሁ ነገሩ ይገባኛል።

ንፋስ ስልክ፣ ልጄ፣ ስለ ሞተር ሳይክል ባትሪው የምትለው እውነት ነው፤ አልጠራጠርም። ባትሪ ሳይሞላ ሲቀመጥ በፕሌቶቹ ላይ ያለው የሊድ ሰልፌት እየጠነከረ ይሄዳል፤ የጠነከረው ክፍል ከሥራ ስለሚወጣ የባትሪው አቅም ያንሳል። ደጋግመህ ቻርጅ ስታደርገው የተወሰነው ሰልፌት ይሟሟና አቅሙ በከፊል ይመለሳል። የተመለሰው ግን መያዣው ነው። ማድጋው ሰፋ ማለት ውሃ ከየትም መጣ ማለት አይደለም፤ ውሃውን የቀዳኸው አንተ ነህ፣ ከቻርጀሩ።

መለኪያ ያዥ፣ ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8፡15

በጋሼ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስለታሙን የቮልቴጅ ጫፍ መልቲሜትሩ አይይዘውም የሚለው ትክክለኛ ስጋት ነው። ዋት ሰዓት ቆጥሮ ባትሪውን እስከ መጨረሻው የማውረድ ሙከራን ያቀረብኩትም ስለዚህ ነው። በዚያች ቅጽበት ተጨማሪ ኃይል ወደ ባትሪው የሚገባ ከሆነ፣ መሣሪያው ባያየውም እንኳ፣ አምፖሉ በርቶ በሚቆይበት ጊዜና ብዛት ላይ መታየቱ አይቀርም።

የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 1፡55

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ሁለቱን ሙከራዎች ጨርሻለሁ። ባትሪዎቹን እያንዳንዳቸውን ለብቻ እስከ 14.4 ቮልት ሞልቼ አንድ ሌሊት አሳርፌ ነው የጀመርኩት።

በማፈራረቂያው አምፖሉ 24 ሰዓት ተኩል በራ፤ ሜትሩ 183 ዋት ሰዓት ቆጠረ። ያለ ማፈራረቂያ፣ አራቱንም በፓራለል አድርጌ፣ 27 ሰዓት በራ፤ ሜትሩ 261 ዋት ሰዓት ቆጠረ። የመጀመሪያውን ሙከራ ሳልደግም ላምን ስላልፈለግሁ ማፈራረቂያውን ደግሜዋለሁ፤ 181 መጣ።

ሁለቱም ቢያንስ 24 ሰዓት ስላበሩ ሰዓት ብቻ ብቆጥር ኖሮ ልዩነቱን ትንሽ ነው ብዬ አልፈው ነበር። በማፈራረቂያው አምፖሉ ከእነዚያው ባትሪዎች ያገኘው ኃይል ግን ያለ ማፈራረቂያ ካገኘው 70 በመቶ ገደማው ብቻ ነው። ሪሌዮቹና አርዱዊኖው የበሉትን እንኳ አልቆጠርኩም፤ እነሱ ከሌላ ምንጭ ነበር የሚሠሩት።

ንፋስ ስልክ 7፣ ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ ሦስት ጊዜ ስለለካህ አመሰግንሃለሁ። እኔ ይህን የመሰለ ልኬት አድርጌ አላውቅም። በራሴ ባትሪዎች፣ በሞስፌት፣ በሰከንድ መቶ ጊዜ እያፈራረቅሁ ያንኑ የዋት ሰዓት ሙከራ አደርጋለሁ፤ የሚመጣውን ቁጥር፣ ወደድኩትም ጠላሁትም፣ እዚሁ አስቀምጣለሁ።

ሊድ ማቅለጫ፣ ጥቅምት 25፣ ከጠዋቱ 3፡00

ንፋስ ስልክ፣ ሞስፌት ላይ ሲሄዱም መሐል ላይ ሁሉም የሚዘጋበትን ጊዜ አይርሱ፤ ሞስፌት በማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል፣ ፊውዙ አይደርስለትም።

አሁን ወደ እናትየው ቤት እንመለስ፤ እኔን ያሳሰበኝ ከመጀመሪያውም እሱ ነው። ባትሪ ማፈራረቅ በራሱ ከንቱ ነገር አይደለም። መብራት ሲሄድ ከመስመር ወደ ባትሪ የሚያዞር ሪሌይ በየቀኑ እገጥማለሁ። በ24 ቮልት ሲስተም በሲሪየስ ካሉት ሁለት ባትሪዎች አንዱ ቀድሞ ሞልቶ ሌላው ሲጎድል የሚያመጣጥን ሰርኪዩትም የብዙ ባትሪ ዕድሜ አድኗል። ኃይል ይቆጥባል እንጂ አይፈጥርም፤ ለዚህ ቤት ግን ሁለቱም አያስፈልጉም።

ባትሪዎቹ ባያጡትም ፓኔሉ የሚያጣው ኃይል አለ። ባለ 50 ዋት ፓኔል ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው በ18 ቮልት አካባቢ 2.8 አምፔር ሲያወጣ ነው። በፓኔሉና በባትሪው መካከል ገብቶ ቻርጁን ከሚቆጣጠሩት ዕቃዎች ርካሹ፣ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር የሚባለው፣ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ስለሚጎትተው ያንኑ 2.8 አምፔር በ13 ቮልት ይሰጥዎታል፤ ይህም 36 ዋት ገደማ ነው። እውነተኛ ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ቮልቴጁን አውርዶ ከረንቱን ስለሚጨምር 47 ዋት አካባቢ ያስገባል። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል በመንዝ ብርድ ጥቅሙ ከቆላው ይበልጣል። «እውነተኛ» ያልኩት በላዩ ኤምፒፒቲ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ፒደብሊውኤም የሆነ ብዙ ስላየሁ ነው፤ ከፍተው ሲያዩት በቂ መጠን ያለው የመዳብ ጥቅል ከሌለው አይግዙት።

ብርዱ ሌላም ነገር ይፈልጋል። የቻርጅ ቮልቴጅ የሚነገረው ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በየአንድ ዲግሪ ቅዝቃዜ ለ12 ቮልት ባትሪ ወደ 0.024 ቮልት መጨመር አለበት። ቤቱ 10 ዲግሪ ከሆነ 14.4 የነበረው ወደ 14.76 ይደርሳል። የሙቀት መለኪያ ገመድ ያለው ኮንትሮለር ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ካልተደረገ ባትሪው ሁልጊዜ ሳይሞላ ስለሚያድር ጋሼ ያሉት ሰልፌት ይጀምራል። ሳጥኑንም አይድፈኑት፤ የታሸገ ባትሪ እንኳ ከመጠን በላይ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ስለሚተነፍስ ከላይና ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ከምድጃውም ይራቅ።

የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 2፡10

ባለፈው ቅዳሜ ገጥሜ ተመለስኩ። አራቱ ባትሪዎች በፓራለል ሆነው በየፖዘቲቫቸው 10 አምፔር ፊውዝ አላቸው፤ ኤምፒፒቲው የሙቀት ገመዱን ባትሪ ላይ ለጥፎ ይሠራል፤ ሳጥኑ በጓዳው በኩል፣ ከምድጃው ማዶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሦስት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ በየማታው አምስት ሰዓት ያህል ይበራሉ። ይህ 75 ዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪዎቹ በጽሑፍ ከሚይዙት 336 ዋት ሰዓት ሩብ እንኳ አይሞላም።

አንዲት ትንሽ የቮልት ማንበቢያ በሩ አጠገብ አድርጌላታለሁ። በማታ መብራት ላይ ሳለ ሳይሆን ጠዋት ፀሐይ ፓኔሉን ሳትነካው እንድታነብልኝ ነግሬአታለሁ። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ደውላ «አሥራ ሁለት፣ ነጥብ፣ አምስት ይላል» አለችኝ። ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ የምታነብልኝን ቁጥር እየመዘገብኩ በወሩ መጨረሻ እዚሁ አስቀምጣለሁ።